ጉድጓዱ ውስጥ የቆዩ ዓሦች

ሙሽሪት ካገባች ዓመታት አልፈዋል፤ አፏን የፈታች፣ ሮጣ የማትጠግብ ሴት ልጅም አለቻት። ይሁን እንጂ ከባሏ ቤተሰብ አንስቶ ዓሣ ማጽጃው ውስጥ አብረዋት እስከሚሠሩት ሴቶች ድረስ ሁሉም ዛሬም «ሙሽሪት» ነው የሚሏት። ምክንያቱን ለጠየቀ ሰው፣ ሚዛን ላይ የምትሠራውና በሥራዋ «እትዬ ሚዛን» ተብላ የቀረችው ሴትዮ መልሱን አዘጋጅታ ትጠብቃለች።

«ሠርጉ መች አለቀና!» ትላለች። «ሙሽራው በማግሥቱ ሥራ ብሎ ሄደ። መጥቶ እስኪጨርሰው እየጠበቅን ነው።»

ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ባሏ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነው። ኤክስካቫተር ደግሞ መንገድ በሚሠራበት፣ ግድብ በሚገደብበት፣ ጠጠር በሚወጣበት ሁሉ ይሰማራል፤ ማሽኑ በሄደበት ኦፕሬተሩም ይከተላል። ቤት የሚመጣው ለእረፍት ብቻ ነበር። ሲመጣም ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸሽጋ በአንድ ዓይኗ ትሰልለውና «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ትል ነበር። እሱ ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ እንደማያልፍ ሙሽሪት ታውቃለች።

አምና ነው ነገሩ የተለወጠው። አሠሪው ድርጅት ከድልድዩ አጠገብ ካለው ወንዝ ጠጠር ለማውጣት ፈቃድ አገኘና ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ ደጃቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ የባሏ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ማታ ማታ በር ላይ ይቀመጣል። ልጅቷ በመጀመሪያ ራቅ ብላ አየችው፤ ከዚያ ጫማውን መርገጥ ጀመረች፤ ከዚያ እግሩ ላይ ተቀመጠች። አሁን ከሆዱ ላይ በቀር እንቅልፍ አይወስዳትም። ሙሽሪት የሁለቱን ትንፋሽ እየሰማች ምንም ሳታስብ የምትቀመጥበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት ምንም ሳታስብ መቀመጥ የምትችል ሰው መሆኗን አታውቅም ነበር።

ድርጅቱ ወንዙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር ይሁንታ መጠየቅ ነበረበት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ የባሏ አባት ናቸው። ድፍን ዕድሜያቸውን መረብ ሲጥሉ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ያን ቀን የተናገሩትን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

«ጠጠራችሁን ውሰዱ» አሉ። «ግን እንደ ዶሮ እዚህም እዚያም አትጫሩብን። አንድ ቦታ ያዙና አጥልቃችሁ ቆፍሩ። ዓሣ ጥልቅ ይወዳል።»

ዓሣ አጥማጆቹ በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውኃው የጠቆረበት ቦታ መረብ ጣል፤ ይህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እውቀታቸው ነው። ኦፕሬተሩም የአባቱን ቃል አክብሮ ቆፈረ። ጎኑ በቢላዋ እንደተቆረጠ ሁሉ ልስልስ ያለ፣ ከድልድዩ ላይ ለሚያየው መሃሉ ጥቁር የሚመስል ጉድጓድ ወንዙ ሆድ ውስጥ አወጣ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ባለቀይ ክንፎቹ ዓሦች እንደ ልማዳቸው ከታች ከሐይቁ ወደ ላይ መጡ። መጡና ጉድጓዱን ሞሉት። እንደዚያ ያለ ዓሣ ታይቶ አይታወቅም። መረብ ተቀደደ፤ ጀልባ ሰው እንዲያግዘው ተጣራ። ዓሣ ሸሽቶት የኖረ ሰው ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። «ማሽኑ ዓሣ ወለደ!» ተባለ። ኦፕሬተሩ መንገድ ላይ ሲያልፍ ከየሱቁ ሰላምታ ይዘንብበት ጀመር። አማቷም ደረታቸው ትንሽ ሰፋ፤ ልጃቸው ነዋ።

አሁን ድርጅቱ ሌላ ጉድጓድ ይፈልጋል። ከወንዙ ጥምዝ በላይ ባለው፣ ውኃው ጥልቀት የሌለውና ዓሣ አጥማጆቹ «ላይኛው ስስ ውኃ» በሚሉት ጠጠራማ ቦታ። ማኅበሩ እሁድ ተሰብስቦ እሺ ካለ ኦፕሬተሩ ገና ብዙ ጊዜ እቤቱ ያድራል። እምቢ ካለ ማሽኑ ከባድ ዕቃ በሚጭነው ተሳቢ፣ ሎቤድ ላይ ተጭኖ ወደ ሩቅ ቦታ ይሄዳል። እምቢ የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ግን ማንም አላሰበም።

የድመቶቹን ነገር ያነሳችው እትዬ ሚዛን ናት።

«እነዚህን ድመቶች እይልኝ እስቲ» አለች፣ ማጽጃው በር ላይ ተዘርረው የተኙትን በአገጯ እያመለከተች። «ትናንት አንደኛዋ ፊት አይጥ አለፈች። ሰላም ተባብለው ተለያዩ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙሽሪትም ፈገግ አለች። የሲሚንቶው ጠረጴዛ ላይ ዓሣ አጋድማ ቅርፊቱን እየፋቀች ነበር። ውኃው ከጎማው እየፈሰሰ ቅርፊቱን ወደ ቦዩ ይነዳል። ሆዱን በቢላዋዋ ቀደደች። እንቁላል ነው፤ ለድመቶቹ ወደሚሄደው ባልዲ ጣለችው። የሚቀጥለውን ቀደደች። እንቁላል። ሦስተኛውንም።

እጇ ቆመ።

የእንቁላል ጊዜ አጭር ነው። ዓሦቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ይመጣሉ፤ ወደ ላይ ወጥተው ስስ ውኃ ባለበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ ከዚያ ጎናቸው ተጣብቆ ይመለሳሉ። ያን የተጣበቀውን ዓሣ አጥማጆቹ «ቀበቶ» ይሉታል። ገዢ ፊቱን ያጠቁርበታል እንጂ፣ ቀበቶ ሲመጣ ወቅቱ በሰላም ተጠናቀቀ ማለት ነው። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ወንዙ ጠርቷል። እሷ ግን ዛሬም እንቁላል ነው የምታወጣው።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ቀበቶ መዝነሻል?»

እትዬ ሚዛን እጇን ሚዛኑ ላይ እንዳደረገች አሰበች። «ቀበቶ? አልመዘንኩም መሰለኝ። ምን አለበት፣ ወፍራም ሲመጣ አይሻልም? ወይስ ቀጭን አማረሽ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

እንዲያው አልነበረም። ሙሽሪት ባልዲው ላይ ጎንበስ አለች። ጤነኛ እንቁላል እንደ ማሽላ ፍሬ ለየብቻው የሚንከባለል፣ ቢጫ ነው። ይሄ ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ሲጫኑት ይፈርጣል። ሽታም አለው። ሳይወለድ የቀረ ነገር ሽታ ነው ብላ አሰበችና ባሰበችው ራሷ ደነገጠች። ባልዲውን በላስቲክ ሸፈነችው።

በማግሥቱ የባሏን ምሳ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ሌላ ጊዜ ምሳውን ሰው ነው የሚያደርስላት።

ማጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ጠጠሩን ከአሸዋው ይለያል፤ የታጠበበት ውኃ እንደ አመድ ሆኖ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ገልባጭ መኪኖች ወረፋ ይዘዋል። ባሏ ከማሽኑ ላይ ሆኖ ሲያያት የማሽኑን መቆፈሪያ መሬት ላይ አሳርፎ ሞተሩን አጠፋና እየዘለለ ወረደ።

«ዛሬ ምን ተገኘ? ንግሥቲቱ በእግሯ መጣች!»

«ሥራህን ልይ ብዬ ነው።»

«እይው!» አለ፣ ዳቦውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጉድጓዱን እያሳየ። «ይሄ ወንዝ የተባረከ ነው እኮ። ማታ ቆፍሬ የምተወው ጠዋት ግማሹ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ጠጠሩን ራሱ ያመጣልኛል።»

«ከየት?»

«ከላይ ነዋ! ከየት ሊያመጣ ነው፣ ከገበያ?»

ሳቀች። ከሱ ጋር ስትሆን ሳቅ ይቀናታል። ጫማዋን አወለቀችና በውኃው ዳር ወደ ላይ ተራመደች፤ እሱም ዳቦውን እየገመጠ ተከተላት። ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ታችኛውን ስስ ውኃ ድሮ ልብስ ስታጥብበት ታውቀዋለች። ጠጠሩ እግር ይወጋ ነበር፤ ውኃው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ እንደ ሕፃናት ይንጫጫ ነበር። አሁን ጸጥ ብሏል። እግሯን ስታስገባ የረገጠችው ጠጠር አይደለም። እንደ ቤት ወለል የጠነከረ፣ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ግራጫ ሸክላ ነው።

ስጋጃን በአንድ ጫፉ ሲስቡት ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። ጉድጓዱ ጠጠሩን ከላይ ስቦ ወስዶታል። ወንዙ ያመጣለት እውነት ነው፤ ያመጣለት ግን የገዛ ምንጣፉን ገፎ ነው።

ትንሽ ከፍ ብሎ ሸክላው በወገብ ልክ ተቆርጧል። ውኃው ከዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከጥምዙ ወዲያ ላይኛው ስስ ውኃ፣ ገና ያልተነካው፣ ሲንጫጫ ይሰማታል። ከፏፏቴው ሥር፣ አረፋው ውስጥ፣ ቀይ ክንፎች ውር ውር ይላሉ። አንድ ዓሣ ተወርውሮ ወጣ፤ ሸክላውን በጎኑ መታና ተመልሶ ወደቀ። ሌላው ተከተለ።

«እያቸው፣ እያቸው!» አለ ባሏ። «ሲጫወቱ!»

ሙሽሪት ዞር ብላ አየችው። ፊቱ የልጅቷን ፊት መስሏል። ጫማዎቿን ማን እንደያዘላት ያስተዋለችው ያኔ ነው፤ ከዳቦው ጋር በአንድ እጁ ጨብጧቸዋል።

«አዎ» አለች።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን ነበር የምታስበው። ወዲያው ደግሞ ከራሷ ጋር ክርክር ገጠመች። ማን ጠየቀኝ? ማኅበሩ ውስጥ ድምፅ የለኝም። ዓሣው ከጠፋም አንድ ቀን በራሱ ይታያቸዋል። እስከዚያ ልጄ አባቷ ሆድ ላይ ትተኛ። ሆድ ይፍጀው። ዝም አይነቅዝም ያለው ማን ነበር? ማንም ይሁን ማን፣ ዓሣ ሆድ ውስጥ አይቶ አያውቅም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አማቷ ለራት መጡ። ከቤታቸው ሁለት በር ነው የሚለያቸው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ብቻውን ያወራል። ልጅቷ አባቷ ሆድ ላይ ተዘርግታ እንቅልፍ ሊወስዳት ነው።

«ነገ ስብሰባው አይረዝምም» አሉ አማቷ እጃቸውን እየታጠቡ። «ሁሉም ልቡ ሞልቷል። እኔም እሺ ነው የምለው። ልጄ ከቤቱ ያድራል፣ ሰዉም ዓሣውን ያገኛል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» ፎጣውን መለሱላት። «እንዲያውም ካንቺ በላይ ዓሣ የሚያይ የለም፣ ሙሽሪት። ዘንድሮ እንዴት ነው?»

ዝም ማለት ይቻላል። ሲጠየቁ መዋሸት ግን ሌላ ነው፤ ለእኚህ ሰው ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።

«ወፍራም ናቸው፣ አባባ።»

«እንግዲህ!»

«ወፍራም የሆኑት ስላልወለዱ ነው።»

አማቷ ሊቀመጡ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ባሏ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ዘንድሮ አንድም ቀበቶ አልገባም» አለች። «እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ እየተበላሸ ነው። ከጉድጓዱ በላይ የሚጥሉበት ጠጠር አልቋል፤ ሸክላ ነው የቀረው። ወደ ላይኛው እንዳያልፉ ውኃው ወገብ ያህል ይወድቃል። መውጫ ስላጡ ነው ጉድጓዱ ውስጥ የተሰበሰቡት።»

«ጥልቅ ስለሚወዱ ነው» አሉ አማቷ፣ ቀስ ብለው።

«ይወዳሉ አባባ። ሰውስ ገበያ ይወድ የለ? ገበያ መሃል ግን አይወልድም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሽማግሌው ይስቁ ነበር። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ተመለሰ።

«የኔን ሥራ ነው የምታወሪው?» አለ ባሏ፤ ልጅቷ እንዳትነቃ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ከጩኸት ይብሳል።

«ሥራህን አይደለም። ሥራህ ልክ ነው። አጥልቀህ ቆፍር ተባልክ፣ አጥልቀህ ቆፈርክ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ማንን እንደመታ ያየችው። አማቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ማን እንዳለው አውቃለሁ» አሉ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ወንዝ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ...»

«ቆይ አንተ።»

ባሏ ግን አልቆየም። ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም። «ነገ እምቢ ካሉ ማሽኑ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ። ይሄን አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«ደህና» አለ። ከዚያ ወዲያ ያን ምሽት አንድ ቃል አልተናገረም። እጁ ብቻ የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ደግሞ ይመልሳል።

እሁድ ጠዋት አማቷ ማጽጃው ጋ ቆመው ጠበቋት። በዕለተ እሁድ ሥራ የለም፤ ቁልፉ ግን እሷ ዘንድ ነው። ከመረባቸው ያመጡትን አንድ ዓሣ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ።

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። ሽማግሌው እንቁላሉን በሁለት ጣታቸው አንስተው ተጫኑት፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ወደ ጎማው ሄደው እጃቸውን ረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከወጡም በኋላ ውኃው ይፈስ ነበር፤ መዝጋቱን ረስተውታል።

ስብሰባው የተደረገው በመረብ መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሙሽሪትና እትዬ ሚዛን ውጭ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ ሳቅ ይሰማ ነበር። ከዚያ የአማቷ ድምፅ መጣ፤ ሳቁ ቀረ። የቀበቶውን ነገር፣ የሸክላውን ነገር፣ የፏፏቴውን ነገር ተናገሩ። ጫጫታ ሆነ።

«ዘንድሮ ጀልባዬን ያሳደስኩት በማን ሆነና!» አለ አንዱ። «ጉድጓዱ አይደለም እንዴ?»

«ለአንድ ዓመት ሆድህ ሞላ። በዓመቱስ?» አለ ሌላው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

«ሊቀ መንበር፣ አምና አጥልቃችሁ ቆፍሩ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ» አሉ አማቷ። «ዓሣ የት እንደሚገኝ አባቴ አስተምሮኛል። የት እንደሚወልድ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ ከስስ ውኃ የሚጠመድ የለምና ምን ያደርግልኛል? ከእናንተ መሃል የጠየቀ አለ?»

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጅዎ ይሄዳል እኮ» አለ።

«ይሄዳል» አሉ።

እትዬ ሚዛን የሙሽሪትን ክንድ ያዘች። ቀልድ ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ አጥታ መልሳ ዘጋችው። እጅ ሲያወጡ እምቢ ያሉት በጥቂት በለጡ።

ማሽኑ ሎቤዱ ላይ ሲወጣ ለማየት ሰው ተሰበሰበ። ኦፕሬተሩ ሥራውን ያውቃል፤ ያን ሁሉ ብረት አንዲት ጊዜ እንኳ ሳያወላክፍ አስቀመጠው። ልጅቷ ከድርጅቱ ፎርማን ጋር ተሟግታ ጋቢናው ውስጥ ገብታ ነበር፤ አልወርድም አለች። አባቷ ጣቶቿን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ለሙሽሪት ሲሰጣት «አስተኚያት» ብቻ አለ። ባሏን ታውቀዋለች፤ ሲናደድ እንጂ ሲያዝን አይጮኽም። አልጮኸምም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ማለፉን አለፉ። ልጅቷ ማታ ማታ ትራሱን እየጎተተች ቦታ ትቀይራለች። አማቷ ላይኛውን ስስ ውኃ አንዳንድ ጊዜ መረብ ሳይዙ ሄደው ቆመው ያዩታል፤ ሸክላው ላይ ውኃው አሁንም ይወድቃል። ጉድጓዱ እስኪሞላ ስንት ዝናብ እንደሚፈልግ የሚያውቅ የለም። ሰፈሩ ውስጥ እሷን ሲያዩ ሰላምታቸውን የሚያሳጥሩ ሰዎች አሉ። ልክ ሠርቼ ይሆን ብላ ስትጠይቅ መልሱ አይጠፋትም፤ መልሱ ግን አያሞቅም። ባሏ ይደውላል፤ ልጅቷን ያናግራል፤ ስልኩ እሷ ጋ ሲደርስ «ደህና ናችሁ?» ይልና ይዘጋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለ። ሙሽሪት እጇን በሽርጧ ጠረገችና የውኃውን ድምፅ ሸሽታ ወደ ውጭ ወጣች።

«ምሳ በላህ?»

«በልቻለሁ። እዚህም ወንዝ ነው የሰጡኝ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይበልጥ ጫነችው።

«ስስ ነው» አለ። «ጠጠር ነው ሥሩ። ይንጫጫል። ፎርማኑ ከነገ ወዲያ ግባበት ብሎኛል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ምን ልበላቸው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ታዲያ ማንን?»

ሙሽሪት ግድግዳውን ተደገፈች። ከጠየቃት ጊዜው ምን ያህል ረዘመ! ምን እንደምትመልስ ግን አታውቅም ነበር። ያን ወንዝ አታውቀውም፤ ዓሦቹን ከፍታ አላየችም።

«ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ እዚያ?»

«አንድ ሽማግሌ አሉ። አሁንም እዚያ ማዶ መረብ ሲጠግኑ ይታዩኛል።»

«ሂድና ጠይቃቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ዓሣ የሚበዛበትን አይደለም። ሄደው የሚወልዱበትን።»

«ምን አገባህ ቢሉኝስ? ኦፕሬተር ነኝ እኮ።»

«ሚስቴ ናት ጠይቅ ያለችኝ በላቸው።»

ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አጭር ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው።

«ስልኩን እንዳትዘጊ» አለ።

አልዘጋችም። ጆሮዋ ውስጥ ጠጠር በጫማ ሥር ሲንቋቋ ትሰማለች፤ ከዚያ እግር ውኃ ውስጥ ሲገባ፤ ከዚያ ውኃው ራሱ፣ እየቀረበ፣ እየተንጫጫ። ከዚያም የባሏ ድምፅ፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ ትንሽ ፈራ ተባ እያለ፦

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ?»